ፊዚክስ ተምሮ መሰንቆ ማስተማር ምን ነውር አለው?

ስልጠና በዚህ አገር ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቀዋል። ባነር ይሰቀላል፤ ፕሮጀክተር ይበራል፤ ከከተማ የመጣው አሰልጣኝ «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ይላል። ሻይ ቡና አለ፣ አበል አለ፣ በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬትና የቡድን ፎቶ አለ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ላሊበላም ከዚህ አልቀረችም። እንዲያውም ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው ጎብኚውን ከነጠቋት ወዲህ፣ ለወጣቱ «ሥራ ፍጠር» የሚለው ምክር ከእንጀራ ይልቅ በርክሷል።

እሺ፣ ከሰልጣኞቹ አንዱ ምክሩን ከልቡ ቢሰማስ? ፊዚክስ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ወይም በመምህርነት ደመወዝ ወሩን መዝለቅ ያቃተው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን መሰንቆ ሲሰማ የሚቆም የላስታ ልጅ ተነስቶ «የሙዚቃ ማሰልጠኛ ልከፍት ነው» ቢል ምን ይገጥመዋል? ቤተሰቡ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» ይላል። ጎረቤት «አዝማሪ ሆነ» ብሎ ይስቃል። አንዳንድ የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ «ዜማ አይሸጥም» ብሎ ይቆጣል። ሥራ ፍጠር ሲለው የከረመው ሁሉ፣ የፈጠረውን ሥራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

የቤተሰቡ ቁጣ ይገባል። በሬ ተሸጦ፣ እህል ተቀንሶ የተማረ ልጅ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ፊዚክስ የገባው በማን ምርጫ ነው? መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን 70 በመቶውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድብ ፖሊሲ ሲከተል ነበር። ለ70ዎቹ የሚሆን ላብራቶሪ፣ ፋብሪካና የምርምር ተቋም ግን በዚያው ልክ አልተገነባም። ተመራቂው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ዕድል ቀንቶት መምህር የሆነውም ቢሆን ኑሮው አልተቃናም፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳይቀሩ በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። የዩኒቨርሲቲው እንዲህ ከሆነ፣ በላስታ ገጠር ኦምና ኒውተንን በጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምረው መምህር ምን ሊባል ነው? «ሳይንሱን ትቶ» የሚሉት ሰዎች፣ መጀመሪያ ሳይንሱ እሱን እንዳልተወው ያረጋግጡ።

«አዝማሪ» የሚለው ስድብ ግን ከደመወዝ የጠለቀ ነገር ነው። ቃሉ ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ «ዘማሪ» እና «አዝማሪ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛውን ቤት ሲገባ ተነስተን እንቀበላለን፣ ሁለተኛውን በር ላይ እናስቆማለን። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በናቅንበት ዓይን መሰንቆ መቺውንም ናቅነው። የሚገርመው በወሎ መሆኑ ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ስሙን ለአገር ያበደረ ሕዝብ፣ ልጁ ያንኑ ቅኝት ላስተምር ሲል ያፍራል።

ሳይንስ ተምሮ ወደ ሙዚቃ መዞር ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ከላስታ ወጣ ብሎ አዲስ አበባን ማየት ይበቃል። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ሙዚቃ ያዘው። ከዌልስ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከለንደን ቦስተን በርክሊ ሄደ፤ በርክሊ ከገቡ አፍሪካውያን የመጀመሪያው እሱ ነው። ኢትዮ ጃዝን ይዞ ተመለሰ፤ ኋላም ግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ ሙዚቃ የሚቀርብበትም የሚሰጥበትም «አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ» የተባለ ቤት አቋቋመ። ሃርቫርድና ኤምአይቲም ጋብዘውታል፤ በዚያም ክራርን ስለ ማዘመን ሠርቷል። መሐንዲስ ሆኖ አልጨረሰም። የመሐንዲስ ጥያቄ ግን አልለቀቀውም፤ በደቡብ የሚገኙትን የደራሼ የቀርከሃ ነፊዎች ሳይንቲስቶች ናቸው እያለ በየመድረኩ የሚከራከረው እሱ ነው።

ዓለሙ አጋም አለ። በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማረው በልጅነቱ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ያጠናው ደግሞ ጂኦግራፊ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገና አስተማረ፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። አንድ አገር አስሩን አውታር የሚያስተምር ሰው አግኝታ ክፍሉን ዘጋችበት። ዛሬ በገና የሚደረድሩ ወጣቶች በየከተማው የሚታዩት፣ እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች ተማሪ ማፍራታቸውን ስላልተዉ ነው።

ሳይንስ ለዚህ ሥራ ምን ይጨምራል? ብዙ። መሰንቆ አንድ አውታር ነው፣ የፈረስ ጭራ፣ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን ላይ የተወጠረ። የጣት ማረፊያ ምልክት የለውም። ተማሪው አውታሩን ከእኩሌታው ላይ ሲነካው ያው ድምፅ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲነካው ሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር የሚስማማ ድምፅ ይወጣል። ይህ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሞገድ ምዕራፍ ነው፤ ልጆች በላስታ ትምህርት ቤቶች ሳይሰሙትና ሳይነኩት በቃላቸው የሚገለብጡት ምዕራፍ። በገናም እንዲሁ ነው። ያ የሚያንዛርረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳዋን ጥቂት ብታንቀሳቅሷት ድምፁ ይሞታል ወይም ይነሳል። ፊዚክስ የተማረ ሰው ለምን እንደሆነ ያስረዳል፣ ይለካል፣ በስልኩ ቀድቶ ያወዳድራል፣ ተማሪው ምን ላይ እንደሳተ ነጥሎ ያሳያል። ተሰጥዖ ብቻ ያለው ሰው «እንዲህ አድርገው» ብሎ ደጋግሞ ይመታል፤ ያልገባው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

እንዲህ ዓይነት አስተሳሰብ ለዚያ አገር አዲስ ነው የሚል ካለ የዜማ ምልክቶቹን ይመልከት። በትውፊት ዜማው በ6ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ይነሳል፤ ምልክቶቹ ግን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ሥራ እንደሆኑ ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድምፅ ሲወርድ፣ ሲቸኩል፣ ሲቆረጥ፣ ሲንቀጠቀጥ በፊደል አናት ላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ጭረቶች። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው «ተማሪ ይህን ሁሉ እንዴት አይረሳም?» ብለው አሰቡ ማለት ነው። የማሰልጠኛ ሥራ ከዚህ ጥያቄ ሌላ ምንድን ነው?

ምስክር ወረቀትስ? የድጓ መምህር ለመሆን ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለ። ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር። ለቅዳሴ ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ የሰለልኩላ ቅዳሴ እዚያው ሰሜን ወሎ ዋድላ ነው። ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ፣ ጨለማ ውስጥ በቃሉ ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ ነው «መሰከረ» የሚባለው። የሦስት ቀን ሰርተፊኬት በፍሬም ሰቅሎ «አሰልጣኝ» የተባለው ሰው፣ ከአንድ የድጓ ተማሪ ፊት መቀመጥ ያሳፍረው ነበር፣ ማፈር ቢኖር።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ ዜማ አይሸጥም፣ አባቶች በነጻ ነው ያስተማሩት። ይህ አባባል የሚያምር ነው፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ተማሪው ገንዘብ አልከፈለም፤ አዎ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። መምህሩ ግን በነፋስ አልኖረም። ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ ደብተራው፣ መሪጌታው፣ ቄሱ በአገልግሎቱ ልክ ከዚያ መሬት ይበላ ነበር። ገበሬው ግብር ከፍሏል፤ ጭሰኛው አርሷል። ማኅሌቱ የቆመው በዚያ እህል ነው። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን የመምህሩ ቀለብ አብሮ ሄደ፤ በምትኩ የመጣ ነገር የለም። ክፍያው ሲቀር «በነጻ ነው» የሚለው ወግ ብቻ ቀረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የኔታን በወግ አብልተናል።

ውጤቱ ይታያል። የመምህሩ ልጅ የአባቱን ወንበር አይፈልግም። የላሊበላ ወጣት እንግሊዝኛ አጥርቶ ማስጎብኘት ወይም ሆቴል መግባት መረጠ፤ ማን ይፈርድበታል? በገና ዕለት በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ከላይ በማሜ ጋራ እንደ መላእክት፣ እኩሌቶቹ ከታች እንደ እረኞች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲሉ፣ ሺዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ያንን ዝማሬ ነገ የሚቆምለት ተማሪ ዛሬ ማታ ምን እንደበላ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እርግጥ ልዩነት መደረግ አለበት። ማኅሌት ቲኬት አይቆረጥበትም፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይህን አይጠይቅም። የሚከፈለው ለመምህሩ ድካምና ለጊዜው ነው። መሰንቆና ክራር ደግሞ ከመጀመሪያውም የዓለም ናቸው። በጎህ ሲቀድ በየደጁ እየዘመሩ ምጽዋት የሚቀበሉት ላሊበሎችስ? ካቆምን ለምጽ ይመታናል ብለው፣ ባልና ሚስት ሆነው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ጥበቡን ከዘር ወደ ዘር ያሻገሩ ናቸው። ዘመናዊው ሰው «ለማኝ» ብሏቸው አለፈ። (ስማቸውን ከከተማዋ ወይም ከንጉሡ ጋር ማያያዝ አከራካሪ ነው፤ ለክርክሩ ግን ድምፃቸው በጊዜ ቢቀዳ ይሻላል።)

ነቀፋ የሚገባው አንድ ዓይነት ማሰልጠኛ አለ፤ እሱንም ደፍሮ መናገር ያሻል። የኔታ ዘንድ ሄዶ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ፣ በነጻ ቀድቶ፣ ከተማ ወርዶ በክፍያ የሚሸጠው። ስሙን በሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፎ የመምህሩን ስም የሚሰውረው። ይህ ሰው ሳይንስ ተማረ አልተማረ ለውጥ የለውም፤ ሌባ ነው። ስለዚህ ማሰልጠኛ የሚከፍተው ምሩቅ የመጀመሪያ ወጪው የቤት ኪራይ ሳይሆን የየኔታ ደመወዝ ይሁን። ከፈለገ ጋቢም ይጨምር፤ ግን ጋቢ ደመወዝ አይሆንም። የተቀዳው ድምፅ የማን እንደሆነ በውል ይጻፍ። መምህሩ ይህ ለደጅ አይወጣም ያለው ዜማ አይውጣ።

«ማን ይከፍላል?» ለሚለው ቀላል መልስ የለም። ጎብኚ ነበር፤ ከኮሮና፣ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ እጅ በእጅ ከተቀያየረችበት ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ከተቀሰቀሰው ግጭት በኋላ በጎብኚ ላይ ብቻ ቤት መሥራት በአሸዋ ላይ መሥራት ነው። በዋሽንግተንና በሌላም ከተማ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ክራርና በገና የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ፤ ይህ ገበያ እውነተኛ ነው። ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ያየ ሰው፣ ትምህርቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ለማን አቤት ይላል? ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ያለው ይያዝ። የሰርግ ወቅት አለ። በየዓመቱ ለገና ተራራ አቋርጦ፣ በእግሩ ሳይቀር የሚመጣ ምእመን አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አንድ መሰንቆ ገዝተው ያንን ምሩቅ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢቀጥሩት፣ ሙዚቃም ፊዚክስም በአንድ ወጪ ያገኛሉ።

የስልጠና በጀት ደግሞ የለም አይባልም። በየዓመቱ ለአዳራሽ፣ ለባነርና ለአበል የሚወጣው ከዚያው ነው። ከእሱ ላይ የአንድ ዙር ቢቀነስ ለአንድ የድጓ መምህርና ለጥቂት ተማሪዎቹ ስንት ወር ቀለብ እንደሚሆን ማስላት ፊዚክስ አይጠይቅም። ሂሳቡን ጽሕፈት ቤቶቹ ይሥሩትና ለላስታ ሕዝብ ይንገሩት።