ድሪቶ የሚሰፉ እጆች በስም ይታወቁ



ባለፈው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ጎረቤት የጣለውን አሮጌ ጋቢ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አንሥተው፣ አራግፈው፣ ክንዳቸው ላይ አጥፈው ሲሄዱ አየሁ። «ምን ሊያደርጉት ነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ መሃሉ ነው ያለቀው፤ ዳርና ዳሩ ገና ብዙ ይሠራል» አሉኝ። አጠገባችን የቆሙ ሁለት ወጣቶች «ድሪቶ ሊሰፉ ነው» ተባብለው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። ያፈርኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ ኀፍረት ነው።

ለማያውቀው ወጣት ለማስረዳት ያህል፤ ድሪቶ ማለት ያለቀ ጋቢ፣ የተቀደደ ቡሉኮ፣ የነተበ ቀሚስና ሱሪ ተቆራርጦ፣ ተደራርቦና እርስ በርሱ ተሰፍቶ የሚወጣ ወፍራም ልብስ ነው። ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ ብርድ ሲጠና ከጋቢ በላይ ይደረባል። ስሙ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። አንድን ሰው «ድሪቷም» ማለት ድሃ፣ ንጽሕና የሌለው ማለት ሆነ። በሀገራችን የእጅ ሥራ ዕድሉ ይኸው ነው። ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቀጥቃጩም በሠሩት ሥራ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ አጼ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አዋጁ ተረሳ፤ ስድቡ ግን አልተረሳም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀለቁበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያን ሰሞን ከቤታችን ካደሩት የዘመድ ልጆች አራቱን ያሞቀች አንዲት ድሪቶ ነበረች፤ እናቴ የሰፋቻት። ከመክበዷ የተነሣ ልጆቹ ከሥሯ መገላበጥ አቅቷቸው ሲስቁ አስታውሳለሁ። ሐቁ ይነገር ከተባለ ግን ድሪቶ ውሃ ከነካው በክረምት ሦስት ቀንም አይደርቅም፤ የሱቅ ብርድ ልብስ የግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ስለዚህ ብርድ ልብስ አትግዙ የሚል ሞኝነት የለኝም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ያችን ድሪቶ የሰፉ እጆች ዛሬ በሰፈራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን ማንና የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

እስቲ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ማታ ማታ ያቃጥለዋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መጣፊያ ጨርቅ አጣሁ የሚሉ እናት ይኖራሉ። አንድ ሸማኔያችን የእጅ ፈትል ጠፋ እያለ የፋብሪካ ክር ከባሕር ዳር ያስመጣል፤ ከእሱ ሁለት ቤት አልፎ ያሉ ባልቴት ደግሞ ልቃቂታቸውን ለአላፊ ነጋዴ በርካሽ ይሰጣሉ። ሸማኔው የእሳቸውን ቤት አያውቅም፤ እሳቸውም የእሱን። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን እሱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ እሳቸውም ልቃቂቱን ታቅፈው። ይህ የድህነት ጉዳይ ነው እንዴ? በእኔ በኩል ያለመተዋወቅ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ትቀልዳለህ እንዳትሉኝ ከእኒያ ጋቢውን ካነሡት እናት ቤት ሄጄ ሥራውን ጠየቅሁ። ቡና አፍልተው አስረዱኝ፤ የገባኝን እነሆ።

አሮጌው ጨርቅ በመጀመሪያ በፈላ ውሃ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ለትኋንና ለቅማል ሌላ መድኃኒት የለም ይላሉ። ጥጡ ከናይለኑ ይለያል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰፉ ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ናይለኑ እንዳለ ይቀራል፣ ልብሱም እንደ ደረቀ ቆዳ ይኮማተራል። ከታች ለገበር አዲስ አቡጀዴ የሚጠቀም ሰውም ሳይቆርጠው አስቀድሞ ይጠበው፤ አቡጀዴ የመጀመሪያ እጥበት ላይ ያጥራልና። ቀጥሎ ገበሩ ይነጠፋል፣ መሃሉ ላይ ያለቀው ጋቢ ይደለደላል፣ ከላይ ጠንካራው ጨርቅ ይሆናል። ካኪ ሱሪ ለዚህ ወደር የለውም፤ ጉልበቱ ቢያልቅ ባቱ ደህና ነው። ሦስቱ ንብርብር እንዳይንሸራተት በሰፋፊ ስፌት ይያዛል። ከዚያ ነው ዋናው ስፌት የሚጀመረው፤ እሱም ከመሃል ወደ ዳር ነው እንጂ ከዳር ወደ መሃል አይደለም። ከዳር የጀመረ ሰው መሃል ሲደርስ ጨርቁ ተነፍቶ ይጠብቀዋል። በአንዱ የስፌት መስመርና በሌላው መካከል አራት ጣት ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ የመሃሉ ጋቢ ሲታጠብ እየተንከባለለ አንድ ጥግ ይከማቻል። መርፌው የጆንያ መስፊያ ነው፤ ክሩ ደግሞ ተደርቦ የተገመደ የእጅ ፈትል። «የሱቅ ክር ጨርቁን ይቆርጠዋል» አሉኝ። እኔ እንኳ ይህን አላምንም ነበር፤ ሁለት ዓይነት አሳዩኝ፣ አመንኩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ ነው የነገሩኝ። ከልጆቻቸው አንዳቸውም ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ታዲያ ሩቅ ሳንሄድ በገዛ ወረዳችን ምን ዓይነት ጎረቤት እንዳለን አንርሳ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በግምት 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አውራ አምባ አለ። በእነ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ያ ማኅበረሰብ መሬቱ ጥቂት ነው፤ በእርሻ ብቻ መኖር ስላልቻለ በሽመና ታውቋል። በሌላው ሀገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ እዚያ ግን ሴት ከሸማ ዕቃው ላይ ትቀመጣለች፣ ወንድም እንዝርት ይይዛል። ከዓለም ዳርቻ የመጣ እንግዳ አይቶ ተገርሞ ይሄዳል። እኛ ግን በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄደን «እስቲ አሳዩን» ያልን ስንቶቻችን ነን? ስለ አኗኗራቸው የየራሳችን ሐሳብ ሊኖረን ይችላል፤ ስለ ሸማ ግን ከእነሱ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባሕር ዳርም ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቱን ቤት አንሶላ አልብሷል። በዩኒቨርሲቲውም ውስጥ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ የሚማሩ የሰፈራችን ልጆች ካሉ ለእረፍት ሲመጡ ከእናቶቻችን ጋር ቢቀመጡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል ብዬ አስባለሁ። ጥጥ ፈላጊ ደግሞ የመተማንና የቋራን ቆላ ያስብ፤ ወደዚያ የሚመላለስ ነጋዴ ከመካከላችን አይጠፋም።

ድሪቶ የእኛ ጉድ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍር ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። ቤንጋል ውስጥ ሴቶች አሮጌ ሳሪያቸውን ደራርበው «ካንታ» የሚባል ልብስ ይሰፋሉ። በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በምትባል የወንዝ መታጠፊያ መንደር፣ በባርነት ይገዙ የነበሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ያለቀ የሥራ ልብስ እየጣፉ ለብርድ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የዚያ አካባቢ ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የሰፉትን ለትልልቅ መደብሮች መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ያ ድሪቶ በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰልፎ አየው። የእኛ እትዬ ይህን ብነግራቸው «ግድግዳ ምን ይበርደዋል?» ብለው ሳቁብኝ።

እንግዲህ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው። ማኅበራችን በዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንድ ደብተር ያንጠልጥል። የሚፈትል፣ ጥጥ የሚነድፍ፣ የሚሸምን፣ ጋቢ የሚቋጭ፣ ድሪቶ የሚሰፋ፣ የልብስ መኪና ኖሮት በትርፍ ሰዓቱ የሚያከራይ፣ ቁርጥራጭ የሚሰጥ፣ ቁርጥራጭ የሚፈልግ ሁሉ ስሙንና ቤቱ የት ግድም እንደሆነ ይጻፍበት። ስልክ የፈቀደ ብቻ ይጻፍ።

ሐሳቡን ለጥቂት ሰዎች ስነግር አንዱ ወዲያው «መዝገብ ካለ ግብር ይመጣል» አለኝ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ በሀገራችን ስሙ ተጽፎ የተጠቀመ ሰው ብዙ አልታየም። ስለዚህ ደብተሩ ከማኅበሩ ቤት እንዳይወጣ፣ ገንዘብም ሆነ ዋጋ እንዳይጻፍበት፣ ስሙ እንዲሰረዝለት የጠየቀ ሰው ያኔውኑ እንዲሰረዝለት በስብሰባ ይወሰን። ሌላዋ ደግሞ «ማን ጊዜ አለው? ሴቱ ሁሉ የሩዝ አረም ላይ ነው» አለችኝ። እሷ እውነቷን ነው። ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ እንዝርት የሚዞርበት ጊዜ ተሻምቷል። ነገር ግን ከአጨዳ በኋላ ያሉት ወራት አሉ፤ ብርዱም የሚጠናው ያኔ ነው።

እስከዚያው ልብስ ሰፊው ቁርጥራጩን እንዳያቃጥል ለምኜው እሺ ብሏል፤ አንድ ከረጢት ሙሉ ማኅበሩ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ጥጡንና ናይለኑን ግን አልለየሁትም፤ የፈለገ ሰው ለይቶ ይውሰድ። እኒያም እናት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ክፍት እንደሆነ ለሁሉም ንገርልኝ ብለዋል። ቤታቸውን ለማያውቅ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሳየዋል። መርፌ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳቸው ያላቸው አንድ ብቻ ነው።

ከሰፈሩ ነዋሪ አንዱ