ሽንት ሲሸኑ ለሚነሳ ራስ ምታት፤ «ብርቅ ነው» ለሚሉ ባልደረቦች የቀረበ ምላሽ

የሽንት ፊኛ ፓራጋንግሊዮማ (ሆርሞን ሊያመነጭ የሚችል የፊኛ ዕጢ) ሲነሳ የተለመደው መልስ «እጅግ ብርቅ ነው፤ እሱን መፈለግ የታማሚ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚል ነው። ብርቅነቱን አልክድም። ከፊኛ ዕጢዎች ሁሉ ድርሻው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ራሱን ያመመው ሁሉ የሆርሞን ምርመራ ይታዘዝለት የሚል ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። የማልስማማው ምርመራ ማዘዝንና መጠየቅን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። «ሕመሙ የሚነሳብዎ መቼ ነው?» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ዕጢው በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ይበቅላል፤ ሆርሞን የሚያመነጭ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው የሚረጨው ኖርአድሬናሊንን ነው። ፊኛው ሲሞላ ይወጠራል፣ ሲሸና ይኮማተራል፤ ዕጢው አብሮ ሲጨመቅ ሆርሞኑ ወደ ደም ይገባል። ዕጢው ያለባት ሴት ገና ከመጸዳጃ ቤት ሳትወጣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይተዋታል። ሐኪም ፊት ስትቀርብ የደም ግፊቷ ልክ ሊሆን ይችላል፤ «ጭንቀት ነው» ተብላም ትሸኛለች። የዚህ ዕጢ ነገር በ1953 እ.ኤ.አ. በሕክምና ጽሑፍ ከተዘገበ ሰባ ዓመት አልፎታል።

«ሲሸኑ ራስን መሳት የታወቀ ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ግን በዚያኛው ግፊት ይወርዳል፤ በዚህኛው ያሻቅባል። ለመለየት የታማሚዋን ግፊት ከመሽናቷ በፊትና ከሸናች በኋላ ወዲያው መለካት ነው። ልዩነት ባይታይ እንኳ ታሪኳ ካሳሰበ፣ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ሜታኔፍሪን (የሆርሞኑ ስብርባሪ) ይለካ።

«ሽንቷ ደም የለውም» የሚለውም አያሳምነኝም። ዕጢው ከፊኛው የውስጥ ሽፋን ሥር ስለሚሆን ብዙዎች ደም አያዩም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እንደ ተራ ዕጢ ተቆጥሮ ያለ ዝግጅት ሲነካ ነው፤ ናሙና መውሰድ ብቻውን ግፊቱን ለሕይወት አስጊ ወደሆነ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት አልፋ ብሎከር አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ከእሱ አስቀድሞ ቤታ ብሎከር መጀመር ግን አደገኛ ነው። በዘር የሚተላለፍ የኤስዲኤችቢ ጂን ለውጥ ሊኖር ስለሚችል ስለ ቤተሰቧም ይጠየቅ።

ከሽንት በኋላ ራስዎን እያመመዎ ልብዎ ድው ድው የሚል ከሆነ ለሐኪምዎ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን የሚነሳበትንም ሰዓት ይንገሩ።