ፍንጭት፣ ውቅራትና ቆሎ፦ የተነቃይ ከፊል ጥርስ አመራረጥና አደራደር የታካሚውን አፍ ይከተል

ተነቃይ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራለት ሰው ጥርሱ ሁሉ ካለቀበት ሰው የሚለይበት ዋና ነገር አለ። የተፈጥሮ ጥርሶቹ በከፊል በአፉ ውስጥ ስላሉ፣ አዲሱ ጥርስ በቀለም፣ በቅርጽና በመጠን ዘወትር ከእነርሱ ጋር ይነጻጸራል። ይሁን እንጂ የጥርሶቹ ምርጫና አደራደር ብዙውን ጊዜ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ይተዋል። ባለሙያው ደግሞ የሚያየው የጂፕሰም ቅጂውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ውሳኔው ታካሚው በተገኘበት፣ በሐኪሙ ተወስኖ በጽሑፍ ሊታዘዝ ይገባል የሚል ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከደምበጫና ከአካባቢዋ የሚመጡ ታካሚዎች ምክንያቱን በግልጽ ያሳያሉ።

በቅድሚያ የፊት ጥርስን ማየት ይገባል። በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት፣ ማለትም ፍንጭት፣ በጎጃም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውበት ይቆጠራል። ፍንጭት የነበራት ሴት አንዱን የፊት ጥርሷን ብታጣ፣ የቀረው ባዶ ቦታ ከአንድ ጥርስ ስፋት ይበልጣል። ቦታውን ለመሙላት ሲባል ሰፊ ጥርስ ቢመረጥ ሁለቱ የፊት ጥርሶች አይመሳሰሉም፤ የፊቷም መካከለኛ መስመር የተዛባ ይመስላል። ትክክለኛው መለኪያ በአፏ የቀረው ጥርስ ነው። አዲሱ ጥርስ የእርሱን ስፋት ይይዛል፤ ትርፉ ቦታ ፍንጭት ሆኖ ይቀራል፤ በክፍተቱ ውስጥ ሮዝ አክሪሊክ እንዳይታይም መሠረቱ ይከረከማል። የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ከወለቁ የድሮ ፎቶግራፍ ይረዳል። የመታወቂያ ፎቶ አፍ ተዘግቶ ስለሚነሣ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሠርግ ፎቶ ወይም የልጆቿ ጥርስ ይሻላል። ፍንጭቱ ይመለስ ወይስ ይዘጋ የሚለውን የምትወስነው ግን እርሷ ናት፤ የሐኪሙ ድርሻ መጠየቅ እንጂ መገመት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ውቅራት ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ጥቁር ሰማያዊ ድድ አላቸው። ፋብሪካ ያዘጋጀው ሮዝ አክሪሊክ ከዚህ ድድ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ጥርሱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ፣ ሰው ሠራሽነቱ ከሩቅ ይታያል። አጥንቱ ብዙ ካልሟሸሸ የፊት ጥርሱን አንገት በቀጥታ ድዱ ላይ ማሳረፍና የፊቱን የአክሪሊክ ግድግዳ መተው ይቻላል። ይህ ካልሆነ መሠረቱ ቀለም ሊገባበት ይገባል። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ የጥርስ ቀለም ብቻ ሳይሆን የድድ ቀለምም መመዝገብ አለበት።

የጥርሱ ቀለም በቀን ብርሃን፣ ጥርሶቹ ምራቅ እንደነካቸው፣ ልኬት ከመወሰዱ በፊትና በአጭር እይታ ይመረጣል፤ የደረቀ ጥርስ ከወትሮው ነጥቶ ይታያልና። ቀለሙ ቢገጥም እንኳ ጠንካራ እህል ሲያኝኩ በኖሩ አዛውንት አፍ ውስጥ ሹል ጫፍ ያለው አዲስ ጥርስ ባዕድ ይሆናል። ጫፉ በጎረቤቱ ጥርስ ልክ መሞረድ ይኖርበታል።

የኋላ ጥርስ ደግሞ ከምግብ ጋር ይያያዛል። ኤድዋርድ ኬኔዲ በ1925 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚባሉት፣ ከኋላ የሚደግፍ ጥርስ የሌላቸው አፎች ናቸው። በእነዚህ ላይ መሠረቱ የሚያርፈው በድድ ላይ ነው፤ ድድ ደግሞ ከጥርስ ሥር ይልቅ ብዙ ይረገጣል። በቡና ላይም ሆነ በጾም ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ሰፋፊ መንጋጋዎች ከተደረደሩለት፣ ጫናው ድዱን ያቆስላል፤ መንጠቆ የያዛቸውን ጥርሶችም ያነቃንቃል። ጠበብ ያሉ ጥርሶችን መምረጥ፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ በድዱ ጉብታ አናት ላይ መደርደርና ወደ ላይ በሚያዘነብለው የኋላ ጫፍ ላይ አለማስቀመጥ ጫናውን ይቀንሳል። ፖርሴሊን አይበላም፤ ግን ተቃራኒውን የተፈጥሮ ጥርስ ይበላል። አክሪሊክ ከመሠረቱ ጋር በሚገባ ይጣበቃል፤ ግን ራሱ ይበላል። ተቃራኒው የተፈጥሮ ጥርስ ከሆነ አክሪሊኩ ይሻላል፤ ሲበላ ግን ጫናው ወደ ቀሩት ጥርሶች ስለሚዞር በየጊዜው መታየት አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የመንገድ ነው። ከደምበጫ ገጠር የሚመጣ ገበሬ በሰም ላይ የተደረደረውን ጥርስ ለመሞከር ብቻ የሥራ ቀኑን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ እንዲመለስ መጠየቅ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ሙከራውን መዝለልም ርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን በሰም ላይ ያለ ጥርስ በደቂቃዎች ይነቀላል፣ ይዞራል፣ ይጠጋል፤ አክሪሊኩ ከበሰለ በኋላ ግን ስሕተቱ የሚታረመው እንደገና በመሥራት ነው። አንድ ጉዞ የተረፈለት ሰው ገንዘቡን የከፈለበትን ጥርስ በመሐረብ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠው የተረፈለት ነገር የለም። ከተቻለም የብረቱ ክፈፍና የሰሙ ሙከራ በአንድ ቀጠሮ ሊጣመሩ ይችላሉ።

እነዚህ ውሳኔዎች አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥቂት ጥያቄዎችንና አንድ ገጽ የትእዛዝ ቅጽ ነው። ቅጹ የቀረውን ጥርስ ስፋት፣ የፍንጭቱን ምርጫ፣ የጥርስና የድድ ቀለም፣ የምግብ ልማድን፣ የኋላ ጥርሶችን ቁጥርና ቦታ ይይዛል፤ በሰም ሙከራው ዕለትም ታካሚው መስታወት ይዞ ሲስማማ ይፈረማል። በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ተማሪዎች ይህን ቅጽ ከመጀመሪያ ታካሚያቸው ጀምሮ ቢለማመዱት፣ ሰነዱ ለሕክምናውም ለምርምሩም ይጠቅማል፤ ፍንጭትና ውቅራት በአገሩ የጥርስ ሕክምና መዝገብ ውስጥ ቦታ የሚያገኙትም በዚህ መንገድ ነው።