«ጠንክሩ» ማለቱ ይብቃ

በመንግሥት ሆስፒታል የምንሠራ ሰዎች ደከመን ባልን ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «ቃል ገብታችሁ የለም እንዴ?» አዎ፣ ቃል ገብተናል። የገባነው ግን ሕመምተኛን ለመርዳት ነው። እንቅልፍ አጥተን፣ የዲዩቲ ክፍያችን ለወራት ሲንከባለል አፋችንን ዘግተን ለመኖር ቃል የገባ ማንም የለም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። አልጋው ሞልቶ ሰው ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፏል። ጓንት አልቋል፤ አስታማሚው ብጣሽ ወረቀት ይዞ ከግቢ ውጭ ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ሮጧል። አንዲት ነርስ ካኑላ እየሰካች፣ ኦክስጅን እያየች፣ ካርድ እየጻፈች ወዲህ ወዲያ ትላለች። እናቱ የምታቃስትበት ልጅ ይጮህባታል። እኔም ላይ ተጮኋል። ልጁ ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ ቁጣው የሚገባው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል። ሲነጋ ያቺው ነርስ «የጠዋቱ ተረኛ ቀርቷል፣ ቆዪ» ትባላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን የሥራ ላይ መዛል መፍትሔ ካጣ የቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ብሎ መዝግቦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ይሟጠጣል፣ ልብ ከሥራው ይሸሻል፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ ይመስላል። ሁለተኛው እኔን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ሰው ስሙ ቀርቶ «አልጋ 7» የሚሆነው ያኔ ነውና። መነሻው ሥራ ቦታው ከሆነ ታዲያ ለምን እኛን ብቻ ለማከም ይሞከራል? ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ይሰጠናል፤ በቂ እንቅልፍ ተኙ ይሉናል። ምክሩ እውነት ነው። መስማት ያለበት ግን የተረኛ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ነው። ያለዚያ ቁስሉን ሳያጸዱ ፋሻ መጠቅለል ይሆናል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ እንዲሁም ለራሳቸው ነፃ ሕክምና ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በርካቶች ታሰሩ። ሌላውን የሚያክም ሰው ሲታመም መታከሚያ ማጣቱ ያሳፍራል! ጥያቄውን እንደ ወንጀል መቁጠር ደግሞ ይብሳል።

እኛ በበኩላችን የምንችለውን እናደርጋለን። ሌሊት ፋታ ስናገኝ ተራ ይዘን አንዳችን ጋደም ስንል ሌላው ይጠብቃል። ከከባድ ሞት በኋላ ሻይ ይዘን እንነጋገራለን፣ እናለቅሳለንም። በእግሬ ያቆመኝ ይህ ነው። ነገር ግን የባልደረባ ፍቅር የጎደለ ሠራተኛን አይተካም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ሌሊቱን ያደረ ሰው ጠዋት ቤቱ ይግባ። የሠራበትንም በወሩ ክፈሉት። ባልደረቦቼ፣ ድካማችሁን እንደ ነውር አትደብቁት፤ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ ግልባጩንም ያዙ። አስታማሚዎችም፣ ጓንት ሲጠፋ ነርሷን ትታችሁ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ቢሮ አንኳኩ።