ልዩ ትምህርት ቤት ስለሌለ

እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር በኖረችውና ዐረብኛ ከገበያ እስከ ችሎት በነገሠባት የኤደን ከተማ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ፣ «በአማርኛ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካላገኘሁ ልጄ የአባቶቹን ልሳን ጠንቅቆ ሊያውቅ አይችልም» ብሎ ተስፋ ቢቆርጥ፣ ሐዘኑን ብንካፈልም ሐሳቡን ልንቀበለው አይገባንም። በአየርላንድ፣ ሌላውን ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተምሮ ሳለ፣ በሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በአይሪሽ ቋንቋ ከ90 ከመቶ በላይ የሚያመጣ ተማሪ አለ፤ ከነጥቡ 40 ከመቶው የቃል ፈተና በመሆኑም አፉን በየዕለቱ ያላፍታታ አይቀናውም።

ነገር ግን ከዚያ የቀረበ ምስክር በገዛ ደጃችን አለን፤ በጎጃም ቅኔ ቤቶች የሚማረው የቆሎ ተማሪ፣ እናቱም ጎረቤቱም የማይነጋገሩበትን ግእዝ፣ ግሡን እያጠና፣ ጉባኤ ቃና የተባለውን ቅኔ ብቻውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት እየነገረና እየታረመ፣ (ያውም በቁራሽ እንጀራ) ከሊቃውንት ማዕርግ ይደርሳል።

የኤደኑ ሕፃን ከዚህ ተማሪ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ አማርኛን ከእናቱ አፍ ይሰማልና። የሚጎድለው ንባቡና ጽሕፈቱ ስለሆነ፣ ወላጆች ከመካከላቸው ፊደል አዋቂውን መርጠው፣ በየሳምንቱ በአንዱ ቤት ልጆቹን ሰብስበው፣ ለአያቶቻቸው ደብዳቤ ያስጽፏቸው።