ደመወዝ የሌላቸው የአእምሮ ጤና ሠራተኞቻችን

ካሊፎርኒያን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እጥረት ከያዛት ቆይቷል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባወጡት ጥናት፣ ነገሩ በያዘው መንገድ ከቀጠለ በ2028 ግዛቲቱ ከሚያስፈልጓት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ከምክር ሰጪዎችና ከሶሻል ዎርከሮች ደግሞ 28 በመቶው እንደሚጎድልባት አስጠንቅቀው ነበር። የሳንታ ክላራ ካውንቲ ቦርድ በጥር 2022 የአእምሮ ጤናንና ሱስን የሕዝብ ጤና ቀውስ ብሎ አውጇል። ጥሩ ኢንሹራንስ አለኝ የሚለውም አልተረፈም። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ኦክላንድ የሆነው የጤና ኢንሹራንስና የሕክምና ድርጅት ካይዘር በአእምሮ ጤና አገልግሎቱ መጓደል የተነሣ 50 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣና ለማሻሻያ ሌላ 150 ሚሊዮን ሊያወጣ በ2023 ከግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ጋር ተስማምቷል።

በዋና ከተማዋ በሳክራሜንቶ ያሉት ሰዎችም ሆኑ መራጩ ሕዝብ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2004 መራጩ ሕዝብ በፕሮፖዚሽን 63 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ የአንድ በመቶ ግብር ጥሎ ለአእምሮ ጤና እንዲውል ወሰነ። በመጋቢት 2024 ፕሮፖዚሽን 1 ለጥቂት አለፈ፤ 6.38 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፣ የግብሩንም ድልድል ቀየረ፣ ከገቢው ቢያንስ ሦስት በመቶው በግዛት ደረጃ ባለሙያ ለማፍራት እንዲሆን አደረገ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የፌዴራሉ መንግሥት በአምስት ዓመት እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የባለሙያ ማፍሪያ ፕሮግራም አጸደቀ። ተማሪው ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ የተመረቀው የትምህርት ዕዳው ይከፈልለታል፣ በምላሹም የሜዲ-ካል (የግዛቲቱ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ታካሚዎችን ያገለግላል። ይህን ያረቀቁ ሰዎች ብዙ እንደደከሙበት ያስታውቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ ገንዘብ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ዳርና ሳን ሆዜ አፓርታማዎች ውስጥ ለሚኖረው፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ለሚናገረው የእኛ ሰው መድረሱ ነው። አሁን ባለው አካሄድ አይደርስም ባይ ነኝ። ዕቅዱ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ዲግሪንና ትልልቅ ቋንቋዎችን። በእኛ መካከል ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ዲግሪ የላቸውም፤ የሚሠሩትም በትንንሽ ቋንቋዎች ነው።

በሜዲ-ካል ደንብ አንድ ቋንቋ ሙሉ አገልግሎት የሚገባው የሚሆነው በአካባቢው 3,000 ተጠቃሚዎች ወይም የተጠቃሚውን አምስት በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ሲያሟላ ነው። ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ ይህን አልፈው ሄደዋል። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ግን በየካውንቲው ተበጣጥሰው ሲቆጠሩ እዚያ መድረስ ይከብዳቸዋል። ለእነሱ የሚቀረው የስልክ አስተርጓሚ ነው።

የስልክ አስተርጓሚ ያለበትን ክፍል ልሳለው። አንዲት እናት ካውንቲው ክሊኒክ ቀርባለች። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተቀምጧል፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቷል። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ከማዶ ያለው ሰው «ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» ብሎ ያቀብላል። ትርጉሙ ምንም አይወጣለትም። ሴትዮዋ ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ስልኩን ታየዋለች። ድምፁን የምታውቀው ይመስላታል። እሑድ ቅዳሴ ላይ አብሯት የሚቆም ሰው ቢሆንስ? የባሏን ዘመዶች ቢያውቅስ? «ኧረ በፍጹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ፎርሙ ላይ «የለም» ተብሎ ይሞላል፤ ቀጠሮው በዚሁ ያበቃል። ልጇ ያስተርጉምላት የሚል ካለ ደግሞ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን አስተርጓሚ ማድረግ የፌዴራል ደንብ የሚከለክለው ነገር ነው። ደንቡ ባይከለክለውስ የትኛዋ እናት ናት በልጇ አፍ ይህን የምትናገር?

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ። ሌሊት ሆስፒታል ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆና የምትሠራ ሴት ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጎረቤቷን ይዛ ፋርማሲ ትሄዳለች። ቤት መልሳ ምግብ ታቀርብላታለች፣ ክኒኑን እስክትውጥ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ነው ሄዳ የምትተኛው። የፓርኪንግ ሠራተኛው ከሰው የራቀ ጓደኛውን በር ያንኳኳል፤ ካልከፈተለት ሽፍቱን ጨርሶ ተመልሶ ያንኳኳል። የንስሐ አባት እኩለ ሌሊት ስልክ ያነሣሉ። የዕድር ሰብሳቢው ሥራ ያጣውን፣ ትዳሩ የፈረሰውን፣ መጠጥ ያበዛውን ሰው ስም በቃሉ ያውቃል። በመመሪያው ቋንቋ ይህ የታካሚ ክትትል፣ የቀውስ ምላሽ፣ የእኩያ ድጋፍ ይባላል፤ በጀት ተመድቦለት ሠራተኛ ጠፋለት የሚባለው ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች በነፃ ይሠሩታል፣ ሥልጠና የላቸውም፣ ሲከብዳቸው የሚደውሉለት ባለሙያም የለም። ሥልጠና ስለሌላቸውም አንዳንዴ ይሳሳታሉ፤ «መድኃኒቱን ተዪው፣ ጸሎት ይበቃል» የሚል ምክር ስንት ሰው እንደጎዳ በየቤታችን እናውቃለን።

በአገር ቤት ከዚህ የባሰ እጥረት ነበረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚያው ማሠልጠን ሲጀምር በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ግን ሕዝቡ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አልተደረገም። በአማኑኤል ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶች መሠልጠን የጀመሩት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ ነው። ቆይቶ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች የአካባቢውን ሰዎች መልምለው ለጥቂት ሳምንታት አሠለጠኑ፤ ሠልጣኞቹ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ከነቤተሰባቸው ደገፉ። በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከተረዱት ጋር ሲነጻጸሩ የእነዚህ ታካሚዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ይበልጥ ተሻሽሎ መገኘቱ በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጥቷል። በጠበል ረገድም እንዲሁ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአንድ ጠበል አጠገብ ክሊኒክ ከፍተው ካህናቱና ሐኪሞቹ ታካሚ እየተላላኩ ሠርተዋል። ጠበል የሚጠመቀው ሰው መድኃኒቱንም ይወስዳል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ይህን ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ካሊፎርኒያ በሩን በከፊል ከፍታዋለች። ያኔ የሳን ሆዜ ሴናተር የነበሩት ጂም ቢል ያቀረቡትና በ2020 የጸደቀው ኤስቢ 803፣ ራሱ ከሕመም ወይም ከሱስ ያገገመ ሰው፣ ወይም የታመመ የቤተሰብ አባል ያስታመመ፣ የእኩያ ድጋፍ ባለሙያ ሆኖ በሜዲ-ካል ክፍያ እንዲሠራ መንገድ ጠርጓል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ የ80 ሰዓት ሥልጠናና ፈተና ይበቃል። ፈቃድ ያለው ክሊኒካል ሶሻል ዎርከር ለመሆን ከማስተርስ በላይ 3,000 ሰዓት በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራት ግድ ነው፤ ይህ መንገድም ለልጆቻችን ያስፈልገናል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል። ያቺ ሲኤንኤ ግን በራሷ ወይም በቤተሰቧ እንዲህ ያለ ሕመም አይታ ከሆነ በ80 ሰዓት መጀመር ትችላለች።

እዚህ ላይ ለራሳችንም የምለው አለኝ። ኤዥያን ሄልዝ ሰርቪስስ በ1974 በኦክላንድ ቻይናታውን ሲጀመር የጀመሩት ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ዛሬ ከአሥር በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ያክማል። እኛ ግን በሽታውን ደብቀን ሰውየው ሲሞት ነው የምንሰበሰበው። ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ለሕክምና ማዋጣት አልለመድንም። ቋንቋችን አልተቆጠረም ብለን ስንከስስም ፎርሙ ላይ የምንመርጠውን ቋንቋ ሲጠይቁን እንግሊዝኛ ብለን የምንሞላ ብዙዎች ነን።

ጊዜውም ጠባብ ነው። በሐምሌ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከጥቅምት 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ድጋፍ ያስወጣል። የጦርነትና የእስር ጠባሳ ይዘው የመጡት ልጆቻችን በብዛት ያሉት ከእነዚህ ሰዎች መካከል ነው። በፕሮፖዚሽን 1 መሠረት እያንዳንዱ ካውንቲ ከሐምሌ 2026 የሚጀምር የሦስት ዓመት ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ዕቅዱ ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል፣ የካውንቲው የአእምሮ ጤና ቦርድም ስብሰባ ጠርቶ ያዳምጣል።

ኦክላንድ ላለችበት ለአላሜዳና ሳን ሆዜ ላለችበት ለሳንታ ክላራ ካውንቲዎች የምጠይቀው ይህን ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎችን በየራሳችሁ ከምትቆጥሩ በጋራ ቁጠሩ፣ በጋራም ቅጠሩ። አንድ ሰው ቀጥራችሁ ቋንቋው ተሸፈነ አትበሉ፤ ያቺ እናት ሳን ሆዜ ብትኖር ኦክላንድ ካለ፣ ቤተሰቧን ከማያውቅ ሰው ጋር መነጋገር የምትችለው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ ነው። ሠልጣኞቹ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት በቋንቋቸው የሚያማክር ባለፈቃድ ተቆጣጣሪ ይመደብላቸው። 80 ሰዓቱን ለመማር የሌሊት ሽፍት የምትለቅ ሴት የቤት ኪራይዋን ከየትም አታመጣም፤ የሥልጠናው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላት።