አስቤዛ በዱቤ ወይስ እጅ በእጅ?



እንደሚታወቀው አርብ በደረሰ ቁጥር ከየገጠሩ የሚመጣው ገበያተኛ እህሉን ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ጣል ያደርግልናል። ምርቃት እንለዋለን። እጅ በእጅ ለከፈለ ሰው የሚሰጥ ነውና ደስ ይላል።

በውጭ አገር ደግሞ ምርቃት ያለው ዱቤ አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን አስቤዛቸውን በክሬዲት ካርድ ሲገዙ አንዳንዱ ካርድ ከመቶ 3፣ አንዳንዱም እስከ ከመቶ 6 ይመልስላቸዋል። ይህን የሰሙ ልጆቻችን «ለእኛስ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። ኧረ ቀስ! ካርዱ የሚጠቅመው ዕዳውን በየወሩ አሟጦ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው። ላሳደረው ሰው ወለዱ ብዙ ጊዜ በዓመት ከመቶ 20 ያልፋል። የምርቃቱ እፍኝ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል።

እኛ ካርዱ ባይኖረንም ዱቤው አለን። የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱቅ (ስሙን አልጠራም) ባለ 5 ሊትር ዘይት በዱቤ ወሰድሁ። እጅ በእጅ 1,200 ብር የነበረው መዝገቡ ላይ 1,260 ተጻፈ። 60 ብር ምን አላት ብዬ ዝም አልሁ። በኋላ ሳሰላው ግን በየወሩ እንዲህ ብገዛ በዓመት 720 ብር ነው፤ የ3 ሊትር ዘይት ዋጋ ማለት ነው። ዕዳ ከሜዳ ይሏል ይሄ ነው። ባለሱቁን አልወቅስም፤ ገንዘቡ በእኛ እጅ ታስሮበታል። ጥፋቱ አለመጠየቄ ነው።

በስልክ የሚመጣውም ብድር ያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች አመጣ። በኪስ ያለው ሲያንስ «እንደኪሴ» ይሞላል። ለድንገተኛ ችግር መልካም ነው። ሆኖም የአገልግሎት ክፍያ ስላለው ለየዕለቱ ሽንኩርትና ጨው የሚነካ አይደለም።

ታዲያ ያለ ዕዳ ምርቃት የሚገኝበት መንገድ የለም ወይ? አለ እንጂ። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ተሰባስበው ገንዘብ አዋጡና ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሻማ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ዱቤ ከለከሉ። ትርፉን ግን ለእያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን መለሱለት። በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባል ከማኅበሩ ጋር ባደረገው ግብይት መጠን የትርፍ ድርሻ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ይህ ካርድ የማይፈልግ ምርቃት ነው።

ስለሆነም ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ዱቤ ስንወስድ «እጅ በእጅ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ሁለቱንም ዋጋ በራሳችን ደብተር እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ የሸማች ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ለገዛው ዕቃ ደረሰኝ ይቀበል። ያልተመዘገበ ግዢ ድርሻ አያመጣም።

ሦስተኛ፣ ዐሥር ዐሥር ቤት ሆነን ደመወዝ በወጣ ወይም እህል በተሸጠ ሰሞን ገንዘብ አዋጥተን ዘይቱን በካርቶን፣ ጤፉን በኩንታል እንግዛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ችግረኛ ጎረቤት ዱቤ እንዳይወስድ እያልሁ አይደለም፤ ልጅ ሲራብ ማን ያሰላል? ነገር ግን መክፈል የሚችል ሰው በስንፍና በዱቤ ሲኖር የሱቁ ገንዘብ ያልቅና ለችግረኛው የሚሰጠው ያጣል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይንገረን።